ነፋስን የፈራች እናት

አንድ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ገበሬ ነበር። ስሙ ዋሴ ነው። ሚስቱ አንጓች ትባላለች፤ የምነግራችሁም የእሷን ታሪክ ነው።

አንጓች የተወለደችበት አገር ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሲነጋ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ይታያል። እዚያ አገር ጨቅላ ልጅ በጋቢ ላይ ቡሉኮ ተደርቦለት ነው ነፍስ የሚያውቀው። አንጓች የመጀመሪያ ልጇን፣ አንዲት ቀይ ዳማ ሴት ልጅ፣ የወለደችው እዚያው ነው። ልጅቱ ዘጠኝ ወር ሲሞላት አንጓች አዝላት ወፍጮ ቤት ሄደች። ስትመለስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሜዳ ላይ ያዛት። የምትጠለልበት አንድ ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረም። ቤቷ ደርሳ አንቀልባውን ስትፈታ የሕፃኗ ከንፈር ጠቁሯል፣ እጆቿ በድን ሆነዋል። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ደረቷ ውስጥ እንደ ወናፍ የሚጮህ ነገር ይዛ ሞተች።

ጎረቤቱ ሁሉ «የፈጣሪ ሥራ ነው» እያለ አጽናናት። አማቷ ብቻ በለቅሶው መሃል፣ ክፉ አስበው ሳይሆን አንጀታቸው አሮ፣ «ምነው ያን ቀን ከቤት ባትወጪ!» አሉ። ያቺ ቃል አንጓች ጆሮ ውስጥ ገብታ ቀረች። ከዚያ ወዲያ አንጓች ነፋስ ትፈራ ጀመር። በር ሲንቋቋ ትደነግጣለች። የሌላ ሰው ልጅ እንኳ ገላው ሳይሸፈን ስታይ ሄዳ መሸፈን ያምራታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የዋሴ አባት መሬት ለወንድማማቾቹ ሲከፋፈል የእሱ ድርሻ ለአንድ በሬ መዞሪያ እንኳ የማይበቃ ሆነ። ስለዚህ ባልና ሚስት ዕቃቸውን ጭነው ሰሊጥና ማሽላ ወደሚበቅልበት ቆላ ወረዱ። አንጓች በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች።

የዚያ ቆላ ክረምት የሚከብደው በዝናቡ አይደለም፤ በወበቁ ነው። ዝናቡ ያባራና ፀሐይ ትወጣለች፤ እርጥቡ መሬት እንፋሎቱን መትፋት ይጀምራል። ላብ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። የታጠበ ልብስ ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶ ውሎ እርጥብ እንደሆነ ይገባል። ጨው በዕቃው ውስጥ ውሃ ይሆናል። ሰው ቁጭ ብሎ እያለ ሸክም የተሸከመ ያህል ይደክመዋል።

ያገሩ ሰው ግን ከወበቁ ጋር መኖርን ያውቅበታል። ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ማሳው ይወጣል። ፀሐይ ስትበረታ ሥራውን ጥሎ ወንዝ ዳር ካለው ትልቅ የኩመር ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። ወደ ማሳው የሚመለሰው አሥር ሰዓት ሲሆን ነው። ቤቱን ከማሽላ አገዳ ይሠራዋል፤ ጣራውን ሣር ያለብሰዋል፤ ግርግዳውን አይመርገውም። ነፋሱ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሕፃናቱ ወገባቸው ላይ ከታሰረች ክር በቀር እርቃናቸውን ሰሌን ላይ ይንከባለላሉ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ገላቸውን ይታጠባሉ።

አንጓች ይህን ስታይ ሰውነቷ ተሸማቀቀ። ማታ ለባሏ፣ «እነዚህ ሰዎች ለልጆቻቸው አይሳሱም እንዴ?» አለችው።

«ያገሩ ልጆች ናቸው፣ ለምደውታል» አላት ዋሴ፤ ነገሩን ብዙም አላሰበበትም።

ዋሴ ከጎረቤቶቹ የተለየ ቤት ነበር የሠራው። ከደጋ ይዞት የመጣውን ቆርቆሮ ጣራው ላይ መታ። በመንደሩ የቆርቆሮ ቤት ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ደስ ብሎታል። አንጓች በበኩሏ መውለጃዋ ሲቃረብ ጭቃ ከሣር ጋር አቦክታ የአገዳውን ግርግዳ ከውስጥም ከውጭም መረገችው። ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ቀርታ እንደሆነ በሻማ እየፈለገች ደፈነች። በሩ ላይ ደግሞ ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍታ ሰቀለች።

ዋሴ ወደ ቤት ሲገባ ትንፋሽ አጠረው። «አንጓች፣ ቤቱ ምድጃ ሆነ እኮ!»

«ምድጃ ይሁን» አለች። «ምድጃ ልጅ አይገድልም።»

ዋሴ የሞተችውን ልጅ አስታወሰ። ሊከራከራት አንጀቱ አልቻለም።

በሰኔ መጨረሻ አንጓች ወንድ ልጅ ወለደች። ያዋለዷት የቅርብ ጎረቤቷ እማ ሃዋ ነበሩ። እማ ሃዋ ዘጠኝ የወለዱ፣ በመንደሩ ያለውን ልጅ እኩሌታ በእጃቸው የተቀበሉ ያገሩ ተወላጅ ናቸው። ዋሴ ልጁን ማስረሻ አለው። ያለፈው ሐዘን ይረሳ ዘንድ ነው። አንጓች ግን አንዲት ቀን አልረሳችም።

ማስረሻን በጋቢ ጠቀለለችው፤ በላዩ ቡሉኮ ደረበችለት፤ ጭንቅላቱ ላይ የሱፍ ቆብ ደፋችለት። ልጁ ያለቅሳል። እሷ «በርዶት ነው» ብላ ይበልጥ ትጠቀልለዋለች። አንገቱና ብብቱ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣበት። «ነፋስ ነክቶት ነው» አለችና በሩ ላይ ሦስተኛ ጆንያ አከለች። ጡት ሲጠባ ቶሎ ይደክመውና ይተወዋል። «ብርዱ ደረቱ ገብቶ ይሆን?» እያለች ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። ያ እንደ ወናፍ የሚጮህ ነገር እንዳይመጣ ሌት ተቀን ትጠብቃለች። ልጁ ሙቀት እየበላው ባሳየው ምልክት ሁሉ ውስጥ እሷ ብርድን ታያለች። ሌላ ነገር ማየት አልቻለችም።

ልጁ በተወለደ በሃያኛው ቀን እማ ሃዋ ሊጠይቋት መጡ። ጆንያውን ገልጠው ሲገቡ የቤቱ አየር ፊታቸውን መታቸውና ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጠው ልጁን ተቀበሉ።

«አንጓች ልጄ፣ ይህን ልጅ ምን አድርገሽው ነው?»

«ብርድ እንዳይመታው ነው እማ ሃዋ።»

«ብርድ እዚህ የት አለና?»

«ብርድ ሲመጣ አይታይም» አለች አንጓች። «ድንገት ነው የሚወስድ።»

እማ ሃዋ እጃቸውን ቡሉኮው ሥር ሰደዱና የልጁን አንገት ዳበሱ። ጣታቸው በላብ ርሶ ወጣ። ጣታቸውን አሳዩዋት።

«እኔ ዘጠኝ ወልጄ ሁለት ቀብሬአለሁ» አሉ። «ሁለቱንም የበላብኝ ሙቀት ነው። በዚህ አገር ልጇን ብርድ የገደለባት እናት ሰምቼ አላውቅም። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው ልጄ። ገላውን ግለጪለት። ውሃ አስነኪው። ይህን ግርግዳም ክፈቺው።»

«የእርስዎ ልጆች የቆላ ደም ናቸው። የእኔ የደጋ ደም ነው፤ ነፋስ አይችልም።»

«ሙቀት ደም ጠይቆ አይመታም።»

አንጓች ልጇን ከእማ ሃዋ እቅፍ መልሳ ወሰደች። «እርስዎ አይፈሩምና ነው» አለች። «ያየሁትን ቢያዩ ኖሮ ይፈሩ ነበር።»

«እንዴት አልፈራም?» አሉ እማ ሃዋ። «እፈራለሁ እንጂ። እኔ የምፈራው ግን እዚህ ያለውን ነው። አንቺ የምትፈሪው እዚያ ደጋ የቀረውን ነው።»

ይህ ቃል አንጓችን እንደ ስድብ ወጋት። ፊቷን ወደ ግርግዳው አዞረች። እማ ሃዋ ተነሱ። አራስ በቁጣ መለየት ነውር ነውና በሩ ላይ ቆም ብለው ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«እሺ፣ አላስገድድሽም። አንድ ነገር ግን ያዥልኝ። ላብ እስካለው ድረስ ገላው እየታገለ ነው። ላቡ የደረቀ ዕለት፣ አራስ ነኝ አትበይ፣ ቀትር ነው አትበይ፣ ይዘሽው ነይ።»

አንጓች ሰማች፤ መስማቷን ግን አላሳየችም።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ እንደዚያ ያለ ወበቅ ያገሩ ሽማግሌዎች እንኳ አናስታውስም ያሉት ቀን መጣ። ሌሊት የዘነበው ዝናብ መሬቱን አርሶት አድሯል። ከረፋዱ ጀምሮ ደመናው ዝቅ ብሎ ተንጠለጠለ፤ አይዘንብም፣ አይገለጥም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ዶሮዎች ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው የእንስራ ሥር ጭቃ ላይ ተኙ። ዋሴ ጎህ ሲቀድ ለሰሊጥ አረም ሩቅ ማሳ ሄዷል። የመንደሩ ሰው ከአራት ሰዓት ጀምሮ ልጁንና ሰሌኑን እየያዘ ወደ ወንዙ ወረደ። በቤቶቹ መሃል ሰው የሚባል ጠፋ።

አንጓች የተዘጋ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣለች። በላይዋ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ማስረሻ ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅስ ነበር። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ልቅሶው ቀነሰ፤ ከዚያ አቆመ። አንጓች እፎይ አለች። «ተመስገን፣ ተኛልኝ» አለችና ራሷን ግርግዳው ላይ አስደገፈች። ጭንቅላቷን ይወቅራታል፣ ዓይኗ ይጨልምባታል። ጥቂት ሳያሸልባት አልቀረም።

የነቃችው በዝምታው ነው። ልጅ ሲተኛ የሚሰማ ትንሽ ትንፋሽ አለ፤ እሱ አልተሰማትም። ቡሉኮውን ገለጥ አድርጋ አየችው። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፤ ነገር ግን አያይም። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጭንቅላቱ ላይ ያለችው ርግብግቢት ወደ ውስጥ ጎድጉዳለች። ጡቷን አፉ ውስጥ አስገባችለት፤ አፉ አልተንቀሳቀሰም።

«ብርዱ መጣ!» አለች።

ሌላ ነገር አልታያትም። ያቺ በረዶ የመታት ልጅ ነበረች የታየቻት። ዘላ ተነሳችና እሳት ልታነድ ወደ ምድጃው ሄደች። በዚያ ቤት፣ በዚያ ቀትር፣ እሳት ልታነድ ነበር። እንጨቱ ከእርጥበቱ የተነሳ አልያያዝ አላት። ሁለት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ጭስ ብቻ ቤቱን ሞላው። እያሳላት ተመልሳ ልጁን አነሳችው። እጇን በጋቢው ሥር ሰዳ ደረቱን ስትዳብስ እጇን ወደኋላ ሳበች። ገላው ያቃጥላል። እንደገና ዳበሰችው፤ አንገቱን፣ ብብቱን፣ ጀርባውን። የላብ ጠብታ የለም። ከሳምንታት ጀምሮ በላብ ይርስ የነበረው ገላ ደርቆ ቆርፍዷል።

ያን ጊዜ የእማ ሃዋ ቃል ትዝ አላት።

በሩ አጠገብ ልጇን አቅፋ ቆመች። እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። አራስ ናት፤ አርባ ቀን አልሞላትም። ሰዓቱ ቀትር ነው፤ እናቷ «በቀትር አራስ ከወጣች ክፉ መንፈስ ይጣባታል» እያሉ አሳድገዋታል። ከሁሉ በላይ ግን ውጭው ነፋስ ነው። «ምነው ያን ቀን ከቤት ባትወጪ!» የሚለው የአማቷ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ብትወጣና ልጁ ቢሞት፣ ሁለተኛውን ልጅ በገዛ እግሯ ወስዳ የገደለች ትሆናለች። ብትቀር ደግሞ… እጇ ሥር ያለውን ገላ አየች። ጥርሷ ተንገጫገጨ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ እሷ በፍርሃት ትንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ልጁ አንዲት ትንሽ ድምፅ አሰማ። ልቅሶም አይደለም፣ ትንፋሽም አይደለም። አንጓች ጆንያዎቹን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

ሮጠች። መጀመሪያ ወደ እማ ሃዋ ቤት ሄደች፤ ሰው የለም። «እማ ሃዋ! የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች፤ የመለሰላት የለም። ሁሉም ወንዝ ዳር ነው። ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነበር። ጫማዋ ተውጦ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ በክርኗ ወድቃ ልጇን ከመሬት አራቀችው። ስትሮጥ እንኳ በአንድ እጇ ቡሉኮውን እየሳበች ፊቱን ትሸፍንለት ነበር።

ከኩመሩ ሥር የነበሩት ሴቶች ሲያዩዋት ተነሱ። እማ ሃዋ ምንም አልጠየቁም። ልጁን ከእጇ ነጠቁና ሰሌን ላይ አስተኝተው ቆቡን፣ ቡሉኮውን፣ ጋቢውን ገፈፉት። አንጓች የልጇን እርቃን ገላ ሜዳ ላይ ስታይ ጮኸች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ልትገድሉት ነው! አልብሱት!»

«ያዟት» አሉ እማ ሃዋ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟት። እማ ሃዋ ነጠላቸውን እንስራ ውስጥ ነክረው አወጡና በልጁ ገላ ላይ ዘረጉት። አንዲት ሴት የሰሌን ማራገቢያ ይዛ በላዩ ታራግብ ጀመር። ሌላዋ በእፍኟ ውሃ እየዘገነች በጭንቅላቱና በእግሩ ላይ ታንጠባጥባለች። ነጠላው ሲሞቅ አንስተው እንደገና ይነክሩታል።

በመሃሉ ከወንዙ ማዶ ቅጠል ሲንሿሿ ተሰማ። አንጓች ድምፁን ታውቀዋለች። ከሁለት ዓመት በላይ ስትሸሸው የኖረችው ድምፅ ነው። ከያዟት ሴቶች እጅ ልታመልጥ ታገለች።

«ነፋስ መጣ! በልጄ አምላክ፣ ሸፍኑት! ነፋስ መጣ!»

«ይምጣ!» አሉ እማ ሃዋ ቀና ሳይሉ። «እኛ ከጠዋት ጀምሮ ስንለምነው የዋልነው እሱን ነው።»

ነፋሱ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። እርጥቡን ነጠላ ከልጁ ገላ ላይ ብድግ አድርጎ መልሶ አስተኛው። አንጓች ዓይኗን ጨፈነች። ለልጇ ሞት ነበር የተዘጋጀችው።

ስትከፍት እማ ሃዋ ወደ እሷ እየተመለከቱ ነበር። «ጡትሽን አምጪ» አሏት። «ጨምቂና ከንፈሩ ላይ አንጠባጥቢለት።»

ሴቶቹ ለቀቋት። ተንበርክካ የመጀመሪያውን ጠብታ ከንፈሩ ላይ ጣለች። በአፉ ጥግ ፈሰሰ። ሁለተኛውም ፈሰሰ። ሦስተኛው ላይ ጉሮሮው ትንሽ ከፍ ዝቅ ያለ መሰላት፤ ግን እርግጠኛ አልነበረችም፣ መጠየቅም ፈራች። ስንት ጊዜ እንዳንጠባጠበች አታውቅም። ጉልበቷ ሥር ያለው ጠጠር ሥጋዋን ሲበላት እንኳ አልተሰማትም። ጥላው ከግንዱ ወዲህ ወደ ወዲያ ማለፉን ያወቀችው ሴቶቹ ሰሌኑን ጎትተው ሲያስጠጉት ነው።

ከዚያ ማስረሻ ሸና።

አንዲት ሴት አይታ «ሸና! ልጁ ሸና!» ብላ ጮኸች። የኩመሩ ጥላ እልል አለ። ሽንቱ ጥቂት ነበረች፤ እንደ ሻይ የጠቆረች ነበረች። እማ ሃዋ ግን እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ» አሉና ያን ጊዜ ብቻ መሬት ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ አለቀሰ። ቀጭን፣ የተቆራረጠ ልቅሶ ነበር፤ እንባ አልነበረውም። አንጓች በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

ሰው ማሳ ድረስ ተልኮ ዋሴ እየሮጠ መጣ። ልጁን በእርጥብ ነጠላ እንደተሸፈነ ታቅፎ፣ ከአንጓችና ከእማ ሃዋ ጋር የአንድ ሰዓት መንገድ ተጉዘው ጤና ኬላ አደረሱት። እዚያ ያለችው ባለሙያ ልጁን መርምራ «ቶሎ ያቀዘቀዘው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። አንጓች እማ ሃዋን አመለከተች። «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ እኔ ጋ አይደርስም ነበር» አለች ባለሙያዋ። ልጁ አፉ ጡት እስኪይዝ ሁለት ቀን እዚያው ቆየ። አንጓች ሁለቱን ቀን ዓይኗን አልከደነችም።

ቤቷ በተመለሰች ዕለት መቆፈሪያ አነሳች። ዋሴ «ተይ፣ እኔ ላፍርሰው» ቢላት እምቢ አለች። በገዛ እጇ የመረገችውን ጭቃ በገዛ እጇ አራገፈችው። የበሩን ጆንያዎች አወረደች። ከቆርቆሮው ሥር ዋሴ ሣር ደረደረ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በአገዳው መሃል ገብቶ ቤቱን ዞረው። አንጓች እርቃኑን ከተኛው ልጇ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር ልቧ ይዘላል፤ እጇ ወደ ቡሉኮው ይሄዳል። መልሳ ትሰበስበዋለች። እንደዚያ ስትታገል መሸ።

በማግሥቱ እማ ሃዋ መጥተው «ፍርሃቱ ለቀቀሽ?» አሏት።

«አልለቀቀኝም» አለች።

«አይለቅሽም» አሉ። «እኔንም አልለቀቀኝም። እናት ሆነሽ ፍርሃት አይለቅሽም። ከእንግዲህ ግን ስትፈሪ ብቻሽን በር ዘግተሽ አትፍሪ። ነይና አብረን እንፍራ፤ አንዳችን ያላየነውን ሌላችን እናያለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንጓች ቀትር ሲሆን ልጇን ይዛ ወደ ኩመሩ ጥላ ትወርድ ጀመር። አንዳንድ ቀን ነፋሱ ሲበረታ ጀርባዋን ሰጥታ ትከልለዋለች። ሴቶቹ አይተው እንዳላዩ ያልፏታል።

ወገኖቼ፣ አንጓች ክፉ እናት አልነበረችም። ከእሷ የበለጠ ልጇን የምትወድ እናት በዚያ መንደር አልነበረችም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ አበው። በልጥ መደንገጥ ነውር አይደለም፤ የተነደፈ ሰው ይደነግጣል። መከራው ከልጡ ስንሸሽ እባቡን የረገጥን ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ የጎዳን ነገር ዓይናችንን ይይዘዋል፤ ሌላ አደጋ ፊት ለፊታችን ቆሞ እያለ እኛ የድሮውን እንጠብቃለን። በዚያ ላይ የሚያውቅ ሰው ሲነግረን «አንተ አልደረሰብህም» ብለን ፊታችንን እናዞራለን። በአዲስ አገር፣ በአዲስ ዘመን፣ በአዲስ ኑሮ ውስጥ የምንኖር ሁሉ ይህ ያገኘናል። በቆላ ሙቀት ልጅ የሚያሳድግ ያገሩን ሰው ይጠይቅ፤ ጥላና ውሃ ይፈልግ፤ ነፋሱን ያስገባ። ልጁን፣ ትዳሩን፣ ወዳጁን ከክፉ ሊጠብቅ የሚፈልግም እንዲሁ ቆም ብሎ ራሱን ይመርምር።

እስቲ እናንተም አስቡት። የምትወዱትን ሰው ዛሬ የምትጠብቁት ዛሬ ካለበት አደጋ ነው ወይስ ትናንት እናንተን ከጎዳችሁ አደጋ? መልሱን እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ በመጨረሻ መክሮአችሁ ያኮረፋችሁት ሰው ማን ነበር?